ከተወዳዳሪው መዝገብ ውጭ የሚያድረው ገንዘብ

የክልል ምክር ቤት ምርጫ ሲቃረብ በእኛ በጎጃም ከተሞች ጎልቶ የሚሰማው ክርክር ስለ ተወዳዳሪዎቹ ማንነት ነው። ማን ቆመ፣ የማን ልጅ ነው፣ ከዚህ በፊት የት ሠርቷል፣ ሰው ሲቸገር ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለው በየቡና ቤቱ ይተነተናል። በባጃጅ ላይ የተጫነው ሞንታርቦ በማን ገንዘብ እንደተከራየ፣ ቲሸርቱንና ኮፍያውን ማን እንዳሳተመ፣ ከደብረ ማርቆስ ተነሥታ እስከ ጮቄ ሥር ቀበሌዎች የዘለቀችው መኪና ነዳጇ ከየት እንደተቀዳ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ የምተዳደርበት ሙያ የሂሳብ ምርመራ በመሆኑ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፤ ሌላው ሰው ንግግሩን ሲያዳምጥ እኔ የነዳጁን ሂሳብ አሰላለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ግዛቶችን የምርጫ ገንዘብ ሪፖርት የማንበብ ልማድ አዳብሬአለሁ። ሪፖርቶቹ ለማንም ክፍት ስለሆኑ፣ መብራትና ኔትወርክ በተስማሙበት ምሽት፣ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ አንድ የግዛት ምክር ቤት ተወዳዳሪ ከማን ስንት እንደተቀበለና ለየትኛው ማተሚያ ቤት ስንት እንደከፈለ መስመር በመስመር ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ የማረከኝ ይህ ግልጽነት ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን ትኩረቴ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ በብዙዎቹ ከባድ ውድድሮች ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ገንዘብ በተወዳዳሪው መዝገብ ላይ አይገኝም። የተወዳዳሪው መዝገብ ንጹሕ ነው፤ ገንዘቡ የሚያድረው ከመዝገቡ ውጭ ነው። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ የእኛን አገር የክልል ምርጫም በዚያው ዓይን ማየት ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የምርጫ ገንዘብ ሕግ በዋናነት የሚገዛው ለፕሬዚዳንትነትና ለኮንግረስ የሚደረገውን ውድድር ነው። የግዛት አስተዳዳሪ፣ የግዛት ምክር ቤት አባል፣ በብዙ ግዛቶችም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳይቀር በሕዝብ ድምፅ ሲመረጡ ማን ምን ያህል መስጠት እንደሚችል የሚወስነው ያው ግዛት ራሱ ነው። በዚህም የተነሣ ሃምሳ ግዛቶች ሃምሳ ዓይነት ደንብ አላቸው። ቨርጂኒያ ለአንድ ተወዳዳሪ በሚሰጥ መዋጮ ላይ ጣሪያ የላትም፤ ግለሰብም ሆነ ኩባንያ የፈለገውን ያህል ይሰጣል፤ የሚጠበቀው መመዝገቡ ነው። ሌሎች ግዛቶች ደግሞ በመቶዎች ወይም በሺዎች ዶላር ይወስናሉ። ሁሉንም እኩል ከሚያስሩት የፌዴራል ክልከላዎች አንዱ የውጭ ዜጋ በየትኛውም ደረጃ ለሚደረግ ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚያግደው ነው፤ በዚህ ረገድ ግን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ግሪን ካርድ፣ ያለው ሰው ከክልከላው ነፃ ነው።

የውድድሮቹ ስፋትም እንደ ግዛቱ እጅግ ይለያያል። ኒው ሃምፕሻየር 1.4 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ በታችኛው ምክር ቤቷ 400 አባላት አሏት፤ ለአባሉ የሚከፈለው በዓመት 100 ዶላር ነው። እዚያ የሚወዳደር ሰው በእግሩ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ጥቂት ወረቀት አሳትሞ መመረጥ ይችላል። ካሊፎርኒያ በአንጻሩ 39 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝቧን በታችኛው ምክር ቤት የምትወክለው በ80 ሰዎች ስለሆነ አንዱ ወንበር ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይይዛል፤ ይህን ያህል ሰው ያለ ፖስታና ያለ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ መድረስ አይቻልም። በእኔ ግምት በዝቅተኛው እርከን ላይ የሚፈስ መካከለኛ ገንዘብ በላይኛው እርከን ላይ ከሚፈስ ብዙ ገንዘብ የበለጠ ኃይል አለው። ለፕሬዚዳንትነት የቀረበውን ሰው መራጩ ከማስታወቂያው በፊት ያውቀዋል፤ ወይ ይወደዋል ወይ ይጠላዋል። ለግዛት ምክር ቤት የቀረበውን ሰው ስም ግን ብዙው መራጭ የሚሰማው በመጀመሪያው በራሪ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ያን የመጀመሪያ ወረቀት ያሳተመ ሰው ተወዳዳሪውን ለመራጩ ፈጠረው ማለት ይቻላል።

በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ለግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት ለሚወዳደር ሰው ገንዘብ ልትሰጥ ፈልጋ ደወለችልኝ። ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት ስላልነበራት ድምፅ መስጠት አትችልም፤ መዋጮ መስጠት ግን ትችላለች። ያሳሰባት ይህ አልነበረም። በዚያ ግዛት ሕግ በአጠቃላይ ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻው፣ የሥራው ዓይነትና የአሠሪው ስም በሪፖርቱ ላይ ይዘረዘራል።

«ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤቴ ስም ምን ይሠራላቸዋል? ነገ ሌላኛው ቢያሸንፍስ?» አለችኝ።

የአሠሪው ስም የሚጠየቅበትን ምክንያት አስረዳኋት። የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩል እኩል ገንዘብ ለአንድ ሰው ቢሰጡ፣ ስማቸው ብቻ ከተጻፈ ማንም አይጠረጥርም፤ የአሠሪያቸው ስም ሲታከልበት ግን ገንዘቡ ምናልባት የአለቃቸው ሊሆን እንደሚችል መዝገቡ ራሱ ይናገራል። በሌላ ሰው ስም መስጠት ደግሞ ክልክል ነው። በጥሞና አዳመጠችኝ፣ «ገባኝ» አለች፣ ከዚያም 100 ዶላር ሰጠች። ከመቶ አንዲት ዶላር አላሳለፈችም።

አልፈረድኩባትም። እኛ ያደግንበት አገር ስለ መስጠት ሁለት ነገር አስተምሮናል። ለደብር ማሠሪያ በንግሥ ዕለት መዋጮ ሲሰበሰብ ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰው የሰጪውን ስምና የሰጠውን ብር ይጠራል፤ እልልታው ይቀልጣል። ስሙ እንዳይጠራ የለመነው ደግሞ «አንድ ወንድማችን» ተብሎ ያልፋል፤ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል ፈጽሟልና ከተጠራው ይልቅ እርሱ ይከበራል። ሁለቱም መንገድ ጉዳት የለውም፤ ምክንያቱም ደብሩ ለሰጪው ግብር አይቀንስለትም፣ ጨረታ አይሰጠውም፣ መሬት አይመራለትም። የምክር ቤት አባል ግን በእነዚህ ሁሉ ላይ ድምፅ ይሰጣል። በቤተ ክርስቲያን ትሕትና የነበረው ስም መደበቅ ወደ ምርጫ ሲሻገር የሚያስጠይቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስም መግለጽ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥበት ጊዜ መኖሩንም የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አልካዱም። እ.ኤ.አ. በ1982 (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦሃዮን የምርጫ ገንዘብ ሕግ ተመልክቶ፣ አባላቱና ደጋፊዎቹ ማስፈራሪያና ወከባ ይደርስባቸው የነበረ አንድ አነስተኛ የሶሻሊስት ፓርቲ የሰጪዎቹን ስም እንዲያሳውቅ ሊገደድ አይገባም ብሎ ወስኗል። በጎጃም ያለ ነጋዴ ለየትኛውም ወገን ብር ሰጥቶ ስሙ በአደባባይ ቢለጠፍ ምን ሊያስብ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ውሳኔ እንግዳ አይሆንበትም። የእኔ አስተያየት የሁሉም ሰጪ ስም በምርጫ ቦርድ ዘንድ ይመዝገብ፣ ለሕዝብ የሚገለጸው ግን የከፍተኛው መጠን ሰጪ ብቻ ይሁን የሚል ነው፤ የአምስት መቶ ብር ሰጪን ስም አውጥቶ ማስፈራራት ለማንም አይበጅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባክሊ በቫሌዮ ላይ ባቀረቡት ክስ የሰጠው ፍርድ እስከ ዛሬ የግዛቶቹን ሁሉ እጅ ይዟል። ፍርዱ በመስጠትና በማውጣት መካከል ልዩነት አደረገ። ለተወዳዳሪ በእጁ የሚሰጥ ገንዘብ የውለታ መመላለስን ሊያስከትል ስለሚችል ሕግ ሊገድበው ይችላል፤ ገንዘብ አውጥቶ ሐሳብን ማሰማት ግን የንግግር ነፃነት ስለሆነ፣ ተወዳዳሪው የመንግሥት ድጎማ ለመቀበል ሲል ወዶ ካልተስማማ በቀር፣ ወጪው አይገደብም። ተወዳዳሪው ከራሱ ኪስ የሚያወጣውም እንዲሁ አይገደብም። በ2010 ደግሞ ሲቲዝንስ ዩናይትድ በሚባለው ጉዳይ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራትም ከተወዳዳሪው ጋር ሳይመካከሩ የፈለጉትን ያህል ማውጣት እንደሚችሉ ተፈረደ። ከዚህ በኋላ አንድ ግዛት ለተወዳዳሪው የሚሰጠውን በ1,000 ዶላር ሊወስን ይችላል፤ ስለ ተወዳዳሪው የሚወጣውን ግን በምንም ሊወስን አይችልም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የታየው በዌስት ቨርጂኒያ ነው፤ ነገሩ የተፈጸመውም ከ2010ሩ ፍርድ በፊት ነው። በ2002 ማሲ ኢነርጂ የተባለው ትልቅ የከሰል ድንጋይ ኩባንያ ሂው ኬፐርተን ለተባሉ የአነስተኛ ማዕድን ድርጅት ባለቤትና ለድርጅቶቻቸው 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙ የሚሄደው አምስት ዳኞች ብቻ ወዳሉት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር፤ ከአምስቱ ወንበሮች አንዱ ደግሞ በ2004 ለምርጫ ይቀርብ ነበር። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ዶን ብላንከንሺፕ፣ ነባሩን ዳኛ ዋረን ማክግሮውን ለተገዳደሩት ለጠበቃው ብሬንት ቤንጃሚን፣ ሕጉ የፈቀደውን ጣሪያ 1,000 ዶላር ሰጡ። በቤንጃሚን መዝገብ ላይ የብላንከንሺፕ ስም ያለው በዚህች ገንዘብ ነው።

ከመዝገቡ ውጭ የሆነው ሌላ ነው። ብላንከንሺፕ ማክግሮውን ለሚቃወም አንድ ቡድን ወደ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ራሳቸው ለፖስታና ለማስታወቂያ አወጡ። ድምሩ 3 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህ የቤንጃሚን ሌሎች ደጋፊዎች በሙሉ ካወጡት የሚበልጥ፣ የቤንጃሚን የራሱ የቅስቀሳ ኮሚቴ ካወጣው ደግሞ ሦስት እጥፍ የሆነ ገንዘብ ነው። የቡድኑ ማስታወቂያ ስለ ከሰል ክርክር አልነበረም፤ ነባሩ ዳኛ በአንድ የሕፃናት ጥቃት ወንጀለኛ ጉዳይ የሰጡትን ድምፅ የሚኮንን ነበር። ማስታወቂያውን በቤቱ ተቀምጦ ያየ መራጭ ከጀርባው የ50 ሚሊዮን ዶላር ይግባኝ እንዳለ በምን ያውቃል? ቤንጃሚን አሸነፉ። በ2007 ፍርድ ቤቱ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ የ50 ሚሊዮኑን ፍርድ ሻረ፤ ከዚህ ጉዳይ እንዲነሡ በተደጋጋሚ የተጠየቁት ዳኛ ቤንጃሚን ከሦስቱ አንዱ ነበሩ። በ2009 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ዳኛው ሊነሡ ይገባ ነበር ብሎ ጉዳዩን መለሰው። የተመለሰለት የግዛቱ ፍርድ ቤትም ያለ ቤንጃሚን ተሰይሞ ዳግመኛ ለኩባንያው ፈረደ።

እኔን የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። የቤንጃሚንን የቅስቀሳ ሂሳብ እኔ ብመረምረው ኖሮ፣ ደረሰኙ ተሟልቶ፣ ጣሪያው ተጠብቆ ባገኘሁት፣ ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሰጥቼ ፈርሜ እወጣ ነበር። እኔ ያየሁት 1,000 ዶላሩን ብቻ ነውና ስህተት አልሠራሁም። የ2009ኙን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ፣ ከሰባት ወር በኋላ ከተወዳዳሪው ተነጥሎ የሚወጣ ገንዘብ ለሙስና በር አይከፍትም የሚለውን የ2010ሩንም ፍርድ የጻፉ እርሳቸው መሆናቸው ሁለቱን ፍርዶች አከታትሎ ለሚያነብ ሰው ግራ ያጋባል።

ሞንታና ይህን አደጋ ቀደም ብላ አውቃው ነበር። የመዳብ ባለጸጋው ዊልያም ክላርክ በ1899 የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ሴናተር አድርገው እንዲመርጧቸው ገንዘብ አድለዋል በሚል ተወንጅለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወንበሩን ለቀቁ፤ ያኔ ሴናተሮችን የሚመርጡት የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ። የግዛቱ ሕዝብ በ1912 በቀጥታ ድምፁ ኩባንያዎች በግዛት ምርጫ ገንዘብ እንዳያወጡ ከለከለ። ሕጉ መቶ ዓመት ኖረ። የሞንታና ፍርድ ቤት የግዛቱን ታሪክ ጠቅሶ ሊያተርፈው ቢሞክርም በ2012 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሻረው።

ገንዘቡ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሜግ ዊትማን በ2010 ለካሊፎርኒያ አስተዳዳሪነት ከራሳቸው ኪስ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው በጄሪ ብራውን ተሸንፈዋል፤ ጄ ቢ ፕሪትዝከር በ2018 በኢሊኖይ ከ170 ሚሊዮን በላይ የራሳቸውን አውጥተው አሸንፈዋል። በሚያዝያ 2025 በዊስኮንሲን ለአንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር በተደረገው ውድድር ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሷል፤ ኢሎን መስክና ከእርሳቸው ጋር የተያያዙ ቡድኖች ከ20 ሚሊዮን በላይ ያወጡላቸው ብራድ ሺሜል በአሥር ነጥብ ገደማ ተሸንፈው ሱዛን ክሮፎርድ ወንበሩን ይዘዋል። በክሮፎርድም ወገን ብዙ ገንዘብ ነበር። የዊስኮንሲን ሕግ አንድ ሰው ለዳኝነት ተወዳዳሪው የሚሰጠውን በ20,000 ዶላር ይወስናል፤ ለፓርቲ የሚሰጠውን ግን አይወስንም፣ ፓርቲው ለተወዳዳሪው የሚያስተላልፈውንም አይወስንም። ስለዚህ ሰጪው ለፓርቲው ሰጥቶ ፓርቲው ቢያቀብል፣ ሚሊዮኑ በሕጋዊ መንገድ ጣሪያውን አልፎ ከተወዳዳሪው መዝገብ ይገባል፤ ሰጪው ግን እዚያ ላይ አይታይም።

ከሁሉም የግዛት ሙከራዎች ልቤ የሚያደላው ወደ ሜይን ነው። ሕዝቡ በ1996 በድምፁ ባጸደቀው ሕግ መሠረት ለግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ከራሱ የምርጫ ክልል ከ60 መራጮች አምስት አምስት ዶላር ይሰበስባል፤ ገንዘቡም የሚገባው ወደ ተወዳዳሪው ኪስ ሳይሆን ወደ ግዛቱ የምርጫ ፈንድ ነው። ይህን ካሟላ የቅስቀሳ ወጪውን ፈንዱ ይሸፍንለታል፤ እርሱም ከዚያ በኋላ ከግለሰብም ከኩባንያም አይቀበልም። አምስት ዶላር ለመስጠት ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ስልሳ ሰው ለማሳመን ግን ሰፈሩን ማወቅ ግድ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ለጎጃም የተጻፈ ይመስለኛል። ሆኖም ሜይንም ከዚያው ችግር አላመለጠችም። ተወዳዳሪው የግል ገንዘብ እርግፍ አድርጎ ቢተውም፣ ስለ እርሱ ወይም በእርሱ ላይ ሌላ ሰው የሚያወጣውን የሚከለክል የለም። በ2024 የግዛቱ መራጮች ከተወዳዳሪው ተነጥለው ለሚያወጡ ቡድኖች የሚሰጠውን በ5,000 ዶላር ለመወሰን በሰፊ ብልጫ ድምፅ ሰጡ፤ ነገሩ ወዲያውኑ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ወደ አገራችን ስመለስ የሕጉ አወቃቀር ፈጽሞ የተለየ ነው። ክልሎች የራሳቸው የምርጫ ገንዘብ ሕግ የላቸውም፤ የክልል ምክር ቤት ምርጫንም የሚመራው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 የተቋቋመው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ሂሳብ እንዲይዙ፣ እንዲያስመረምሩና ለቦርዱ እንዲያቀርቡ ያዝዛል፤ ከውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች መቀበልን ይከለክላል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ፓርቲዎች ከመንግሥት የገንዘብ ድጋፍና የመገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓት ተደልድሎላቸዋል። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ስለሆነ በፓርቲ ስም የሚቆም ተወዳዳሪ የሚቀርበው በፓርቲው ምልክት ነው፤ ወጪውም በአብዛኛው ከፓርቲው ካዝና ይወጣል። የግል ተወዳዳሪው ብቻ ነው ከኪሱ የሚያወጣው።

ይሁንና በጎጃም ወረዳዎች የቅስቀሳ ትልቁ ወጪ ጥሬ ገንዘብ ነው ብዬ አላምንም። የሚከብደው መኪናው፣ ነዳጁ፣ አዳራሹና የሰው የሥራ ሰዓት ነው። እነዚህ ደግሞ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፉ ደረሰኝ አይቆረጥባቸውም። የመንግሥትን ሀብት ለቅስቀሳ ማዋል ክልክል መሆኑን የማያውቅ ኃላፊ ያለ አይመስለኝም፤ ክልከላውን ከወረቀት የሚያወርድ መዝገብ ግን የለም።

ከዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት የነዳጅ ወጪ ስመረምር ያጋጠመኝን ላንሣ። የምርጫው ዕለት በተቃረበበት ወር የአንዲት መኪና የነዳጅ ኩፖን ካለፉት ወራት በግልጽ ጨምሯል። የጉዞ መዝገቡን አስመጣሁ። መድረሻ በሚለው ዓምድ የተለያዩ ቀበሌዎች ስም ተጽፏል፤ የጉዞው ምክንያት በሚለው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ምናልባትም በአንድ ቁጭታ «ለመስክ ሥራ» የሚል ሰፍሮበታል። ሾፌሩ ስለ ኪሎ ሜትሩ ሲጠየቅ በትክክል መለሰ፤ ማንን እንደጫነ ሲጠየቅ ወደ ኃላፊው ተመለከተ። እኔም «የጉዞው ዓላማ በዝርዝር አልተገለጸም» ብዬ በግኝትነት መዘገብኩ፤ መሥሪያ ቤቱም «ለወደፊቱ ይስተካከላል» ብሎ መለሰ። መኪናዋ ለቅስቀሳ ወጥታ ነበር ብዬ ልጽፍ አልቻልኩም፤ ማስረጃ አልነበረኝምና። ደግሞስ ብጽፈው የቱ ፓርቲ መዝገብ ላይ ከምን ጋር አስተያየዋለሁ?

በዚህ ነጥብ ላይ ከግዛቶቹ የምንቀዳው ነገር አለ። በዚያ ያሉ ሕጎች በዓይነት የተሰጠን ድጋፍ በገበያ ዋጋው ተምነው ከጥሬ ገንዘብ እኩል ያስመዘግባሉ። ማተሚያ ቤት ወረቀት በነፃ ቢያትም የኅትመቱ ዋጋ የማተሚያ ቤቱ መዋጮ ሆኖ ይጻፋል፤ በጣሪያው ውስጥም ይቆጠራል። የበጎ ፈቃደኛ ሰው የራሱ የዕረፍት ሰዓት በአብዛኛው አይቆጠርም፤ አሠሪው ደመወዝ እየከፈለው በሥራ ሰዓት ለቅስቀሳ ቢያሰማራው ግን የዚያ ሰዓት ደመወዝ የአሠሪው መዋጮ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ለብቻዋ ወደ እኛ ብትመጣ ስንት ሂሳብ እንደምትከፍት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

«በዓይነት የተሰጠ ነገር በእኛ አገር እንዴት ይተመናል?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ይመጣብኛል። ተመኑ ያን ያህል የሚያስቸግር አይደለም። የባጃጅ የቀን ኮንትራትና የሞንታርቦ ኪራይ ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዋጋ ነው። የነዳጅ ዋጋ መንግሥት ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ኪሎ ሜትሩም በጉዞ መዝገቡ ላይ አለ። የሠራተኛው የሰዓት ክፍያ ከደመወዝ መክፈያው ላይ ተካፍሎ ይገኛል። የከተማው አዳራሽ የቀን ኪራይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ከሚያስከፍልበት የአገልግሎት ተመን ላይ ይነበባል፤ ለምርቃት ወይም ለሠርግ የሚጠይቅ ቤተሰብ ያንኑ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል። አዳራሹ ለአንድ ፓርቲ በነፃ በተሰጠ ዕለት ያልተቆረጠው ደረሰኝ መጠን ለዚያ ፓርቲ የተሰጠ መዋጮ ነውና በፓርቲው የገቢ መዝገብ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ ስም ሊጻፍ ይገባዋል፤ በማግስቱ ለተቀናቃኙ ፓርቲ እኩል በነፃ ቢሰጥም እንኳ በሁለቱም መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ የከለከለውም ማዘጋጃ ቤት በባዶው መስመር ይታወቃል።